ወርቅ፣ ስኳርና አንዲት አምፑል

(በምሩቃን መገናኛ ቀን ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለኅትመት በመጠኑ የተስተካከለ)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ጤና የሆነ ነገር ንገሪን» ነበር ያሉኝ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ወገብ ሕመም፤ ዕድሜያችን የሚፈቅድልንን ማለታቸው ነው። እኔም «ስለ ስኳር እናገራለሁ» አልኳቸውና ደስ አላቸው። ስለ የትኛው ስኳር እንደሆነ ግን ዝም አልኩ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ «የስኳር በሽታና መከላከያው» ተብሎ የተጻፈው የነሱ ሳይሆን የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ዛሬ የምነግራችሁ ወርቅ ስኳርን እንዴት አድርጎ ወደ ጠቃሚ አሲድ እንደሚለውጥ ነው። ስኳር ከሸማቾች ተሰልፈን የምንገዛ ሰዎች ሆነን ስኳርን ወደ አሲድ መለወጥ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው እንዳትሉኝ። ሐኪም ሆና ይሄ ምን አገባት የምትሉ ካላችሁ ደግሞ የሚያገባኝን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ሴቶች ዶርም ነው። በ1993 ዓ.ም. ፍሬሽማን ስንገባ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ደረሰን። ከኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ልጅ ኬሚስትሪ እንደ ተረት ነበር የምትናገረው። እኔ ደግሞ ከኬሚስትሪ ጋር ተጣልቼ ነው የመጣሁት። መብራት ሲጠፋብን ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፈን ቁጭ እንልና ታስረዳኛለች፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ በደብተር ጠርዝ ጉልበቴን መታ ታደርገኛለች። ያለሷ ያንን ፈተና አላልፍም ነበር፤ ሕክምናም አልገባም ነበር።

የዲፓርትመንት ምርጫ መጣ። ውጤቷ ከኔ ይበልጣል። እኔ ሕክምና ሞላሁ። እሷ፣ ሕክምና እንደሚደርሳት እያወቀች፣ ኬሚስትሪ ሞላች። ዶርሙ ጉድ አለ። እኔም ጓደኛ ነኝ ብዬ ያልኳት ይሄን ነው፦ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጠመኔ ልትበዪ ነው?» ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው። ምንም አልመለሰችልኝም። ደብተሮቿን ግን አልወሰደችብኝም።

አሁን ወደ አንድ ሌሊት ልውሰዳችሁ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም፤ ራቅ ባለ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ነበርኩ፤ የቱ እንደሆነ ይቆየን። የማዋለጃ ክፍሉ ተረኛ ሐኪም እኔ ነኝ። ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ሰውነቷን ያንቀጠቀጣት እናት ነበረችን። ወልዳለች፤ ልጇም ደህና ናት። ማግኒዝየም ሰልፌት ጀምረንላታል። ይህ መድኃኒት ብዙ እናቶችን አትርፏል፤ የሚወጣው ግን በኩላሊት ነው። ኩላሊት ከደከመ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ጉልበት በመዶሻ ሲመታ እግር መፈናጠሩን ይተዋል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል፤ ከዚያ ልብ። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ የሚደገመው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ጉልበቷ፣ ትንፋሿ፣ ሽንቷ። ይሄን ማንም የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል። እኔም ለፈተና ጽፌው አግኝቼበታለሁ።

የመርፌው ሰዓት ሲደርስ እኔ ኦፕሬሽን ክፍል ገብቼ በሌላ እናት ላይ እያገዝኩ ነበር። ሲስተር በሩን ገርበብ አድርጋ «ዶክተር፣ የሴትየዋ ማግኒዝየም ሰዓቱ ደርሷል፤ ይሰጥ?» አለችኝ። ቀና ሳልል «ስጧት» አልኩ። ሽንቷ ስንት ነው አላልኩም። ጉልበቷን አያችሁ ወይ አላልኩም። «ስጧት» ብቻ።

ስወጣ ሴትየዋ በደቂቃ ስምንት ጊዜ ነበር የምትተነፍሰው። ጉልበቷን በመዶሻ መታሁት፤ እንጨት ነው። የሽንት ከረጢቱ ውስጥ ያለው አንድ ሲኒ ቡና አይሞላም።

ለዚህ ማርከሻ አለው፤ ካልሲየም ግሉኮኔት ይባላል። አምፑል ስል የመብራቱን ማለቴ አይደለም፤ አንገቷ ተሰብሮ የምትከፈተዋን ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው። አሥር ሚሊ ሊትር ፈሳሽ፣ ውስጡ አንድ ግራም ካልሲየም ግሉኮኔት። ከአልጋዋ አጠገብ መገኘት ነበረበት። ሳጥኑን ከፈትኩት፤ ባዶ። ፋርማሲው ተቆልፏል፤ ቁልፉ የያዘው ሰው ጋ ነው፤ ሰውየው ቤቱ ነው። ሲስተር አምቡ ባጉን ይዛ ትንፋሽ እየሰጠቻት እኔ ሮጥኩ። የማደንዘዣ ባለሙያው ለክፉ ቀን ብሎ በፋሻ ጠቅልሎ ከመሳቢያው ጥግ የደበቃቸው ሁለት አምፑሎች ነበሩት። እግዜር ይስጠው። አንዱን በደም ሥሯ ቀስ ብዬ ሰጠሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቀስ ማለቱ ከባድ ነበር። ትንፋሿ መለስ አለ፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት እያልን ቆጠርን። ሊነጋጋ ሲል እንደገና ደከመችብንና ሁለተኛውን ጨመርንላት።

በሳምንቷ ልጇን ታቅፋ ወጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። «አሜን» አልኩ። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ከዛሬ በፊት ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬው አላውቅም፤ የዚያን ሰሞን ለአንድ ሰው ብቻ፣ ለዶርም ጓደኛዬ፣ በስልክ እያለቀስኩ ነግሬያታለሁ።

ዓመታት አለፉ። እሷ ለዶክትሬቷ አውሮፓ ሄደች። አንድ ማታ ስናወራ «ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት። «ወርቅና ስኳር» አለችኝ። «ሠርግ እየደገስሽ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። አልሳቀችም። «ግሉኮኔት ነው የምሠራው። ያ አምፑልሽ ውስጥ ያለው» አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። በየቀኑ የምሰብረው አምፑል ውስጥ ያለው ነገር ከምን እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከፋርማሲ ነዋ!

እሷ እንዳስረዳችኝ ልሞክር፤ የኬሚስትሪ ሰዎች ስሳሳት አታጉረምርሙ። በነገራችን ላይ ሕመምተኞቻችን በክንዳቸው የሚገባላቸውን ፈሳሽ ሁሉ «ግሉኮስ» ይሉታል፤ እኔ ግን የምለው እውነተኛውን ግሉኮስ ነው፤ ከበቆሎ ስታርች ወይም ከተራው ስኳር ተሰንጥቆ የሚገኘውን። ግሉኮስ ስድስት ካርቦኖች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ካርቦን ኦክስጅን ለመቀበል ዝግጁ ነው። እዚያ ጋ አንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ ስትጨምሩበት ግሉኮኒክ አሲድ ይሆናል። ሌላኛውም ጫፍ ከተነካ ግሉካሪክ አሲድ የሚባል ሌላ ነገር ይመጣል። ጨርሶ ካልቆመ ሰንሰለቱ ይበጣጠስና መጨረሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ነው፤ አሁን እዚህ ተቀምጣችሁ ምሳችሁ በየሴላችሁ ውስጥ እየሆነ ያለው እሱ ነው። «ስኳርን ማቃጠል ማንም ይችላል፤ ጭንቁ አንድ እርምጃ ተራምዶ መቆም ነው» አለችኝ። እኔ በዚያን ሰዓት ስለ ስኳር አልነበረም የማስበው፤ ስለዚያ ገርበብ ስላለው በርና «ስጧት» ስላልኩት ነበር።

ለምን ግሉኮኒክ አሲድ? ገራም ስለሆነ። ካልሲየምን በክሎራይድ መልክ በደም ሥር መስጠት ይቻላል፤ እንዲያውም በእኩል መጠን ፈሳሽ ውስጥ ሦስት እጥፍ ገደማ ካልሲየም ይይዛል። ግን ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ክፉኛ ያቃጥላል። ግሉኮኔቱ ይሻላል። ክሎርሄክሲዲንም፣ የአፍ መጉመጥመጫውና ለሕፃናት እትብት የሚቀባው ጄል፣ ውሃ ውስጥ እንደ ልብ የሚሟሟው በግሉኮኔት መልክ ሲሆን ነው። ለደም ማነስ የሚሰጥ ብረት በግሉኮኔት መልክ አለ። የኢንጂነሪንግ ሰዎችም ዝም ብላችሁ አትዩኝ፤ ኮንክሪት ቶሎ እንዳይጠጥር የምትጨምሩት ሶዲየም ግሉኮኔት የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

እስከ ዛሬ አብዛኛውን ግሉኮኒክ አሲድ የምትሠራልን ሻጋታ ናት። አስፐርጂለስ ናይጀር ትባላለች፤ ሽንኩርት ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ዱቄት ስታዩ ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አላት። ጣታችሁን ወግታችሁ ስኳር ስትለኩ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ወረቀት ላይ የተቀባው ይኸው ኢንዛይም ነው፤ በዚያች የደም ጠብታ ውስጥ ያለው ግሉኮስ ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ሲሄድ የሚለቀው ኤሌክትሮን ነው የሚቆጠረው። (ፕሮግራሙ ላይ ላለው ርዕስ ይቺን እንደ ካሳ ያዙልኝ።)

ሻጋታ ጎበዝ ናት። ግን ሕያው ፍጡር ናትና ምግቤ ይስተካከል፣ ሙቀቴ ይጠበቅ፣ ሌላ ነፍሳት አይግባብኝ ትላለች፤ በመጨረሻም ከምርቱ መለየት አለባት። ስለዚህ ኬሚስቶች ይህንን ሥራ ሕይወት የሌለው ነገር ቢሠራውስ ብለው ፕላቲነምና ፓላዲየም ሞከሩ። ሠሩ፤ ግን ይደክማሉ። ኦክስጅኑ ራሳቸውን ይሸፍናቸዋል፤ ያልተፈለገ ቦታም ይነካሉ። መቆም አይሆንላቸውም።

ወርቅን ያሰበው ሰው ጥቂት ነበር። ወርቅ ከማንም ጋር አይነካካማ! የአያቶቻችን ቀለበት ሳይዝግ እኛ ጋ የደረሰው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ ግን ወርቅ እጅግ ደቂቅ ሆኖ በሌላ ብረት ኦክሳይድ ላይ ሲቀመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ በጣም በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ኦክሲዳይዝ እንደሚያደርግ አሳዩ። ከዚያ ሚላኖ ላይ ላውራ ፕራቲና ሚኬሌ ሮሲ በ1998 ወርቅን ከሰል ላይ አድርገው አልኮሎችን ሞከሩ፤ በ2002 ደግሞ የነሱ ቡድን ግሉኮስን። ወርቁ የግሉኮሱን አንድ ጫፍ ነካ፤ ቆመ። ከተለወጠው ግሉኮስ ውስጥ ከመቶው ወደ መቶ የሚጠጋው ግሉኮኒክ አሲድ ሆነ።

ደቂቅ ስል ምን ያህል ነው? ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 5 ናኖሜትር ስፋት ያላት የወርቅ ቅንጣት ውስጥ ያሉት ወደ 4,000 አቶሞች ብቻ ናቸው። ሥራው የሚሠራው ገጿ ላይ ስለሆነ፣ ስታንስ ገጿ ይበዛል። ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ንጹሕ ወርቅ ነው እንበልና፣ 4 ግራም የሚመዝን የሠርግ ቀለበት ወደዚህ ዓይነት ቅንጣት ቢለወጥ የገጹ ስፋት 250 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 250 ካሬ! ከተማ ውስጥ ስንት እንደሚያወጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ ቀለበቱን ወደ ጣቱ ሥር ገፋ አደረገው።

ችግሩ ቅንጣቶቹ ብቻቸውን አይቀመጡም። ወጥ ላይ የተንሳፈፉ የዘይት ጠብታዎች በማንኪያ ነካ ሲደረጉ እንዴት እንደሚዋሃዱ አይታችኋል። ወርቁም እንደዚያ ነው። የሮሲ ቡድን ምንም ሳያለብሱ፣ ምንም ላይ ሳያስቀምጡ ሞክረውታል፤ መጀመሪያ ላይ ከሰል ላይ እንደተቀመጠው ይሠራል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ግን ይተቃቀፍና ይሞታል። መጠኑ ከ10 ናኖሜትር ካለፈ ያው የጌጥ ወርቅ ሆነ ማለት ነው፤ ከስኳሩ ጋር አይተዋወቅም። ለዚህ ነው ተሸካሚ የሚያስፈልገው፤ ከሰል፣ ቲታኒየም ኦክሳይድ፣ አሉሚና። እያንዳንዷን ቅንጣት ቦታዋ ላይ ይዞ ያቆያታል። ወርቁ መጀመሪያ የሚመጣው ክሎራይድ ባለበት ጨው መልክ ስለሆነ ያ ክሎራይድ በደንብ ካልታጠበ ቅንጣቶቹን መልሶ ያሰባስባቸዋል። ጓደኛዬ ሁለት ዓመት ያሳለፈችው በዋናነት በማጠብና ቅንጣት እንዳይተቃቀፍ በመጠበቅ ነው። «የወርቅ ፕሮክተር ሆኛለሁ» ትለኝ ነበር። የሴቶች ዶርም ፕሮክተራችንን የምታስታውሱ እዚህ ትስቃላችሁ።

ሥራው ራሱ ሲያዩት ምንም አይመስልም አለችኝ። ግሉኮስ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ወርቁን የተሸከመው ዱቄት ይጨመርበታል። ኦክስጅን ወይም አየር ከሥር ይነፋል። ሙቀቱ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ነው፤ እናቶቻችን «ለብ ብሏል» ብለው የሚመልሱት ሻይ። አሲዱ ሲፈጠር ሥራውን እንዳያግድ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ እየገባ ፒኤቹ 9 አካባቢ ይያዛል። ሲያልቅ ዱቄቱ ተጣርቶ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣል። ጀርመን ብራውንሽዋይግ ላይ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ወርቅ አሉሚና ላይ አድርገው ለሳምንታት ሳያቋርጡ አሠርተውታል።

ከግሉኮስ ሌላም አለ። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ በዚሁ መንገድ ላክቶባዮኒክ አሲድ ይሆናል። ይሄ ደግሞ ለኔ ሙያ ሌላ በር ነው። ከለጋሽ የወጣ ጉበት ወይም ኩላሊት በበረዶ ውስጥ ሆኖ ወደ ተቀባዩ ሲጓዝ የሚነከርበት፣ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራ ፈሳሽ አለ። ላክቶባዮኔት ከዋና ዋና ይዘቶቹ አንዱ ነው። ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ ወደ ሴሉ አይገባም፤ ውጭ ሆኖ ውሃውን ይይዛል፤ ሴሉ አያብጥም። ሰው ሌላ ሰው እስኪደርስለት ድረስ የሚጠብቀው በወተት ስኳር ነው ማለት ነው።

አሁን የማልደብቀው ነገር አለ። ያን ሌሊት በእጄ የሰበርኩት አምፑል ውስጥ ያለው ግሉኮኔት የወርቅ ሥራ አይደለም፤ የሻጋታዋ ሳይሆን አይቀርም። ሻጋታዋ ርካሽ ናት፤ ወርቁ ከፋብሪካ አላስወጣትም። ሳጥኑ ባዶ የሆነውም ዓለም ላይ ግሉኮኔት ጠፍቶ አይደለም። የመጨረሻውን የወሰደው ሰው አልመዘገበም፤ ተረኛው ሲረከብ አልቆጠረም። የዚያን ቀን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግራት «ሳጥኑ ያንቺ ነው፤ የኔ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነው» አለችኝ። አልተከፋሁም።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ክፍሎች ሁሉ ማግኒዝየሙና ማርከሻው በአንድ ሳጥን ነው የሚቀመጡት፤ ካልሲየሙ ከሌለ ሳጥኑ አልተሟላም ተብሎ ይመለሳል። በር ላይ ሆኖ «ይሰጥ?» የሚለኝ ሰው ደግሞ «ሽንቷ ስንት ነው?» የሚል መልስ ያገኛል። አብረውኝ የሚሠሩ ኢንተርኖች በዚህ ይቀልዱብኛል፤ ቡና ይቅረብ ሲባል እንኳ «ሽንቱ ስንት ነው?» ይላሉ። ይቀልዱ።

ጓደኛዬ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለች። ስሜን ብትጠሪ ተነሥቼ እወጣለሁ ብላኛለች። ተመልሳ አገሯ ላይ ታስተምራለች፤ ጠመኔ ትበላለች ማለት ነው። ይቅርታ፣ አሁን ማርከር ነው ብላኛለች። ያንን ያልኩትን ቃል በሃያ ምናምን ዓመቴ፣ በሰው ፊት፣ አንስቻለሁ።

እሷ ያዘጋጀችውን አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ይቺ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ቀይ ፈሳሽ ጠጅም ቪምቶም አይደለም፤ ወርቅ ነው። ወርቅ እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ቢጫነቱን ትቶ እንዲህ ይቀላል፤ ማይክል ፋራዳይ በ1857 ያጠናው ቀለም ነው። የእርግዝና መመርመሪያ ላይ የምትወጣው ቀይ መስመርም ብዙ ጊዜ ይቺው ናት፤ አንዳንዶቻችሁ ወርቁን ሳታውቁት ደንግጣችሁበታል። ጨው ጠብ ቢልባት ወደ ሰማያዊ ትለወጣለች፤ ተቃቀፉ ማለት ነው፤ ስለዚህ እባካችሁ አትክፈቷት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋችሁ እዩና ለጎረቤታችሁ አቀብሉ። ከፊት ረድፍ ትጀምራለች። የመጨረሻው ረድፍ ስትጨርሱ ለኔ አትመልሱልኝ፤ ለባለቤቷ ስጧት። ስሟን አልጠራሁም፤ ግራ በኩል አራተኛው ረድፍ ላይ፣ አሁን አንገቷን የደፋችው ናት።